መኪናው ያን ቀን ስንት ያወጣ ነበር?

ሳሪስ አካባቢ ካሉት ጋራዦች በአንዱ ውስጥ ነው። መሬቱ በዘይት ጠቁሯል፤ ከጥጉ ላሜራ ሲቀጠቀጥ ይሰማል። መሃል ላይ የቆመችው ብርማ ቪትዝ ፓራውልቷ ወልቆ አጠገቧ ተጋድሟል፤ ኮፈኗ ታጥፏል፤ የግራ መብራቷ በሽቦ ታስሯል። ከኢንሹራንስ ኩባንያው የመጣው ገማች ፎቶ አንስቶ ጨርሷል፤ አሁን በእጁ ነው የሚያየው። ፓራፋንጎውን በጣቱ አንኳኳ፤ ጥርት ያለ የላሜራ ድምፅ ሰጠ። ወደ ኋላ በር ሄዶ ደግሞ አንኳኳ፤ የታፈነ ድምፅ መለሰለት። ቀለሙ የተሰነጠቀበትን ቦታ በጥፍሩ ፈልቀቅ ሲያደርገው ነጭ ስቱኮ ረገፈ፤ ከስሩ ዝገት ታየ።

«ይሄኛው የአሁን አይደለም» አለ ቀና ሳይል።

«አዎ ጋሼ፣ እሱ የበፊት ነው፤ እሱን አልጠየቅኩም» አለ ባለመኪናው፣ ገና ሠላሳዎቹን የጀመረ ልጅ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ታዲያ ስንት ይደርሰኛል?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ የምጽፈው የተጎዳውን ዕቃ ነው። ብሩን ፖሊሲህ ይነግርሃል። ስንት ብለህ ነው ያስገባኸው?»

«ዘጠኝ መቶ ሺህ።»

«መቼ?»

«ዶላሩ ሳይለቀቅ። ከዚያ ወዲህ በዚያው ነው የማድሰው።»

ገማቹ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። የዚህ ልጅ ካሳ ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ በኋላ ብዙም የሚያከራክር ነገር የለውም። ክርክሩ የሚነሳው ግን ገና ቼኩ ሲመጣ ነው።

በኢንሹራንስ የሚያማርር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያማርረው በገማቹ ነው፤ አሳነሰብኝ፣ ዘለለብኝ፣ ዓይኑ እያየ ካደኝ ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። የካሳው ትልቁ ክፍል የሚወሰነው ግን ግጭቱ ከመድረሱ ወራት ቀድሞ፣ ባለንብረቱ ፕሮፖዛል የሚባለውን ቅጽ ሲሞላ፣ «የተሽከርካሪው ዋጋ» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ በሚያሰፍረው አኃዝ ነው። ያን አኃዝ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው አንድ ነገር አስቦ ነው፤ አረቦኑ እንዳይበዛ።

ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲተካ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ሦስተኛው መጽሐፍ ሳይነካ ቀርቷል፤ ስለዚህ ዛሬም የሚሠራው ያው የንጉሡ ዘመን ድንጋጌ ነው። አንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑን ይናገርና ካሳው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። አንቀጽ 665 ደግሞ ሌላ ጣሪያ ያስቀምጣል፤ መድን ሰጪው በፖሊሲው ከተጻፈው መጠን በላይ አይከፍልም። ሁለት ጣሪያ ነው ማለት ነው። የሚሠራው ደግሞ ምንጊዜም ዝቅተኛው ነው። 500 ሺህ የሚያወጣውን መኪና አንድ ሚሊዮን ብሎ ያስገባ ሰው አንድ ሚሊዮን አያገኝም፤ ትርፉ የከፈለው አረቦን መብዛቱ ብቻ ነው። ነገሩ ክፋት የለውም፤ የተቃጠለ መኪና ከቆመ መኪና የበለጠ የሚያስገኝ ቢሆን ኖሮ በጭለማ ቤንዚን የሚያርከፈክፍ አይጠፋም ነበር።

የኢንሹራንስ መማሪያ መጻሕፍት መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል ይላሉ። አዲስ አበባ ይህን መጽሐፍ አላነበበችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ረጅም ዘመን ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ፤ ከውጭ የሚገባው ሲወደድ አገር ውስጥ ያለውም አብሮ ተወደደ። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። መኪናው አሮጌ ነው፣ ቀለሙ ለቋል፣ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ በብር ሲጠየቅ ግን ከተገዛበት እጥፍ ያወጣል።

ፖሊሲው ላይ ያለው አኃዝ ግን ባለበት ቆሟል። ባለንብረቱ እድሳት ሲደርስ ስልክ ይደወልለታል፣ አረቦኑን በሞባይል ባንክ ያስገባል፣ በቃ። የመኪናውን ዋጋ የጠየቀው የለም፤ ቢጠየቅም «በድሮው ይሁን» ነው የሚለው። ይህ ነው በባለሙያዎቹ ቋንቋ ከዋጋ በታች መድን የሚባለው። ሕጉ ደግሞ ባለንብረቱ ከዋጋ በታች ሲያስገባ ለጎደለው ክፍል ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጥረዋል፤ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር። ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ድርሻውን ይሸከማል።

ብዙ ሰው የማይዋጥለት ይሄኛው ነው። «ዘጠኝ መቶ ሺህ አስገብቻለሁ፤ ጉዳቱ 260 ሺህ ነው፤ ታዲያ 260 ሺው ከዘጠኝ መቶው ውስጥ አይገባም ወይ?» ይላል። ይገባል፤ ግን ሒሳቡ እንደዚያ አይሠራም። የልጁን ቪትዝ እንውሰድ። መኪናዋ በአደጋው ቀን ገበያ ላይ 1.8 ሚሊዮን ብር ታወጣለች እንበል። የገባችው በ900 ሺህ ነው፤ ማለትም በግማሽ። ጋራዡ ለእጅ ሥራ 85 ሺህ፣ ለመለዋወጫ 175 ሺህ፣ በድምሩ 260 ሺህ ብር ጠየቀ። ከዚህ ላይ አሮጌ ባትሪ በአዲስ ስለሚተካ፣ ሌላውም ዕቃ እንደዚሁ፣ ለእርጅና 10 ሺህ ብር ተቀነሰ፤ 250 ሺህ ቀረ። ግማሹ የባለመኪናው ድርሻ ነው፤ 125 ሺህ ቀረ። ከዚያም ኤክሰስ የሚባለው፣ በእያንዳንዱ አደጋ ላይ ባለንብረቱ በመጀመሪያ ከኪሱ የሚችለው፣ 10 ሺህ ብር ተቀነሰበት። ኩባንያው የሚከፍለው 115 ሺህ ነው። ልጁ 145 ሺህ ብር መፈለግ አለበት። የተቀናሾቹ ቅደም ተከተል ከፖሊሲ ፖሊሲ ይለያያል፤ ውጤቱ ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ የባለመኪናው ምሬት የሚገባኝ ነው። ባትሪው ሲቆጠር «መኪናህ አርጅቷል» ይባልና ይቀነስበታል። ጠቅላላ ዋጋው ሲቆጠር ደግሞ «መኪናህ ተወዷል፣ አሳንሰህ አስገብተሃል» ይባልና ይቀነስበታል። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ሰው ኪስ ላይ ሲያርፉ ግን ኩባንያዎቹ አስቀድመው ለመናገር ያላቸውን ስንፍና ያሳያሉ። በእድሳት ጊዜ አንድ የስልክ መልእክት፣ «የመኪናዎ ዋጋ ዛሬ ስንት ነው? ከዋጋ በታች ከሆነ ካሳዎ በዚያው ልክ ይቀንሳል» የሚል፣ ብዙ ጠብ ያስቀር ነበር። አረቦንም ይጨምርላቸው ነበር፤ ለምን እንደማይልኩት አይገባኝም።

የ260 ሺህ ብሩ ቁጥር ራሱ ከሰማይ አይወርድም። ገማቹ የሚጽፈው ዝርዝር ሁለት ዓምድ አለው፤ የሚጠገንና የሚቀየር። ኮፈኑ ይቀጠቀጣል ወይስ ይቀየራል? ይህች አንዲት ውሳኔ ብቻዋን ብዙ ሺህ ብር ታወዛውዛለች። ዝርዝሩ ለጥቂት ጋራዦች ይሰጥና በፖስታ ዋጋ ያስገባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ያሸንፋል። ዝቅተኛ ዋጋ ያስገባው ጋራዥ ደግሞ ያችን ገንዘብ ከየት ያካክሳል ቢሉ፣ ከቀለም ሽፋንና ከሥራ ቀን ነው። መኪናው ወር ሙሉ ሲቆም ባለመኪናው በትራንስፖርት የሚያወጣውን ገንዘብ የሚተካለት የለም፤ ተራ የተሽከርካሪ ፖሊሲ የተቋረጠ ገቢን አይሸፍንም።

መለዋወጫው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም ከአስመጪ ሱቅ በሚመጣ ፕሮፎርማ ይገመታል። ያገለገለ ኦሪጅናል መብራትና አዲስ የቅጂ መብራት ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋጋቸው ይራራቃል፤ ፕሮፎርማው የሚያገለግለው ጊዜም ከሳምንት አይዘልም። ኩባንያው ፈቃድ ሰጥቶ ጋራዡ ዕቃውን ለመግዛት እስኪሄድ ድረስ ዋጋው ተንቀሳቅሷል። ያኔ ጋራዡ ባለመኪናውን ይጠራና «ወንድሜ፣ ትንሽ ጨምር» ይለዋል። ያቺ ጭማሪ በማንም ሪፖርት ውስጥ አትገኝም።

የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲቀራረብ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ኩባንያው አስቀድሞ ከወሰነው መጠን ካለፈ መኪናው ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ ይቆጠራል፤ ባለንብረቱ ከሁለቱ ጣሪያዎች ዝቅተኛውን ይቀበላል፣ ቅሪቱን ለኩባንያው ያስረክባል። በጋዜጣ ላይ የሚወጡት «ባሉበት ሁኔታ» የሚሉት የተጎዱ ተሽከርካሪዎች ጨረታዎች የዚህ ውጤት ናቸው። ጨረታውን በደንብ የሚያነብ ሰው አንዱ ቀረጥ የተከፈለበት፣ ሌላው ያልተከፈለበት ተብሎ መለየቱን ያያል። ይህች አንዲት ቃል የመኪናውን ዋጋ ከሥሩ ትለውጣለች። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ያለው ድርጅት ቀረጡን ጨምሮ ያስገባው እንደሆነ ኪሳራው ቀረጥን ያካትታል ወይስ አያካትትም የሚል ክርክር ይነሳል፤ ስለዚህ ፖሊሲው ላይ ዋጋው ከነቀረጡ ነው አይደለም የሚለውን በግልጽ ማጻፍ ያዋጣል።

ከቼኩ በፊት አንድ ወረቀት ይፈረማል፤ «ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ» የሚል። ላሜራው ሲፈታ ከውስጥ የታጠፈ ሻንሲ ቢገኝ ከፊርማው በኋላ የሚሰማ ጆሮ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ጋራዡ ከፈታታ በኋላ ገማቹ ዳግመኛ እንዲመጣ መጠየቅ፣ ተጨማሪ ጉዳት ካለ መጻፉን ማረጋገጥ፣ ከዚያ መፈረም። ጊዜውም ገደብ አለው፤ የንግድ ሕጉ አደጋውን በ5 ቀን ውስጥ ማሳወቅን ያዝዛል፣ በ2 ዓመት ውስጥ ያልተከሰሰበት ጥያቄም በይርጋ ይታገዳል።

መኪና ቢያንስ ቆሞ ይታያል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሳውን ዓይነት እሳት አስቡ። ገማቹ ማለዳ ሲደርስ የሚያየው አመድ ነው። መደርደሪያው ላይ ስንት ጥቅል ጨርቅ ነበር? ባለሱቁ በቃል ይናገራል፤ ኩባንያው ግን ወረቀት ይጠይቃል፤ የግዢ ደረሰኝ፣ የባንክ ዝውውር፣ የዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ። ዕቃው የሚታሰበው መልሶ ለመግዛት በሚያስፈልገው ገንዘብ ነው፤ ነጋዴው ሊያተርፍበት ያሰበው አይጨመርም። ትርፍ የሚካሰው የሥራ መቋረጥ የሚባል ሌላ ፖሊሲ ላለው ብቻ ነው፤ ያን ፖሊሲ የያዘ ሱቅ ደግሞ ብዙ አላየሁም።

ያለ ደረሰኝ የሚገዛ፣ ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ነጋዴ እዚህ ላይ ይጣበቃል። ገማቹ ለገቢዎች ያቀረብከውን የሒሳብ መግለጫ አሳየኝ ይለዋል። መግለጫው ላይ ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ግማሽ ሚሊዮን ብር ነው፤ ለኢንሹራንስ ያቀረበው ጥያቄ ላይ አራት ሚሊዮን። አንደኛው ሐሰት ነው። የትኛው እንደሆነ መናገር ለነጋዴው ሁለቱም ጎኑ ስለት ነው፤ ግብሩን አሳንሷል ወይ ካሳውን አብዝቷል። ከዋጋ በታች የማስገባቱም ሒሳብ እዚህ በባሰ መልኩ ይመጣል፤ ስድስት ሚሊዮን ብር ዕቃ ይዞ ሁለት ሚሊዮን ያስገባ ሰው ሦስት ሚሊዮን ብር ቢቃጠልበት የሚታሰብለት አንድ ሚሊዮን ነው።

ገማች ጭራሽ የማያስፈልግበት መድንም አለ፤ የተሞከረውም እዚሁ አገር ነው። በ1998 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ አክሳ ሪ ከተባለው የፈረንሳይ ጠለፋ መድን ሰጪ ጋር ውል ገባ፤ 930 ሺህ ዶላር አረቦን ተከፈለ፣ ከፍተኛው ካሳ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ካሳው የሚታዘዘው በሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የዝናብ መለኪያ ነበር። ዘንድሮስ ዝናብ ይጠፋል ሲባል ዘነበ፤ የሚከፈል አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ አዲ ሐ በምትባል ቀበሌ ጤፍ አምራቾች የዚህ ዓይነት መድን ገቡ፤ ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ ንያላ ኢንሹራንስና ስዊስ ሪ ነበሩበት። ገንዘብ የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ፣ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ይከፍል ነበር። በ2004 ዓ.ም. ዝናብ ሲያጥር ወደ 1,800 ለሚጠጉ ገበሬዎች በድምሩ 17 ሺህ ዶላር ያህል ተከፈለ፤ ማንም ማሳ ድረስ ሄዶ ሰብል አልቆጠረም። በቦረና ደግሞ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ለከብቶች ያመጣው መድን የግጦሹን ልምላሜ ከሳተላይት ያነባል፤ ልምላሜው ከተወሰነ ወለል በታች ሲወርድ ይከፍላል።

ፍጥነቱ የሚያስቀና ነው፤ የሚያጭበረብርም የለም፤ ሰማይን ማን ያጭበረብራል። ግን ሳተላይቱ አካባቢውን እንጂ የአንድን ሰው ማሳ አያይም። ጎረቤት ቀበሌ ዘንቦ የእርስዎ ማሳ ቢደርቅ መለኪያው ደህና ነው ይላል፣ ካሳም የለም። ሰብሉ ደህና ሆኖ ሳለ የሚከፈለውም አለ። ገበሬው ለሚቀጥለው ዓመት አረቦን ይክፈል አይክፈል የሚወስነው እንዲህ ባለው ዓመት ላይ ባየው ነው።

የቀረው ሰው ነው። የሰው ዋጋ ገበያ የለውም፤ ስለዚህ ሕጉ ራሱ አኃዝ ይጽፋል። የሕይወት መድን ላይ ነገሩ ቀላል ነው፤ የንግድ ሕጉ መጠኑን ተዋዋዮቹ እንደፈለጉ እንዲወስኑ ይተዋል፣ ሲሞት ያ ገንዘብ ይከፈላል፣ ስንት ያወጣ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሥራ ላይ ለደረሰ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዓመት ደመወዝን በ5 ያባዛል። ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሰው እጁም አነስተኛ ዋጋ አለው ማለት ነው፤ የቀን ሠራተኛውና መሐንዲሱ በአንድ ፎቅ ላይ ቢወድቁ ሒሳባቸው አይገናኝም።

መንገድ ላይ በመኪና ለተገጨ ሰው ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 አለ። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ነበር። የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ልብ ይሏል፤ በዚያ ሠንጠረዥ ላይ የተገጨው መኪና ከተገጨው ሰው ይበልጥ ነበር። ከጣሪያው በላይ የተጎዳ ቤተሰብ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ባለመኪናውን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። ዳኛው የሟቹን ገቢ፣ ዕድሜውን፣ የሚጦራቸውን ሰዎች ቆጥሮ ያሰላል፤ ለሕክምና የወጣውንም ይጨምራል።

ከዚያ ለሐዘኑ፣ ለሞራል ጉዳቱ ወደሚከፈለው ይመጣል። እዚህ ላይ ዳኛው የሚያሰላው የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 ይህ ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። ሕጉ ሲወጣ 1,000 ብር 400 ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም፤ ጠበቆች ግን አሁንም በክስ ማመልከቻቸው መጨረሻ ላይ «የሞራል ካሳ ብር 1,000» ብለው ይጽፋሉ፤ ዳኞችም ይፈርዱታል።